ጠባሴ ያለው ሳይክል ቤት፦ ዓመቱን ሙሉ የተመላለሰ ደንበኛ አስተያየት

ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ አንድ የቆርቆሮ ሱቅ አለ። ታፔላ የለውም። ምልክቱ በሩ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ቸርኬ ነው። ውስጡ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ባለቤቱን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "ጋሼ" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ አልጽፍም። ስለ ሥራቸው ግን መናገር አለብኝ። ባለፈው ጥር ብስክሌቴን ልሸጥ ነበር። አሁን ታኅሣሥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጫጫ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ጉልበቴ ምንም አላለኝም።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ 44 ዓመቴ ነው። ለውድድር አይደለም የምነዳው። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለምውል ቅዳሜ ጠዋት ሜዳውን ማየት አለብኝ። ገብሱን፣ በጎቹን፣ ጭስ የሚወጣባቸውን የድንጋይ ቤቶች። ሌላ ሰው ቡና ሲጠጣ እንደሚረካው እኔ በዚህ እረካለሁ።

የኛን አገር መንገድ በመኪና ብቻ የሚያውቅ ሰው ሜዳ ነው ይላል። እስከ ጫጫ ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሲያዩት እውነትም ሜዳ ይመስላል። ግን ከተማችን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ትንሿ አቀበት ሳትቀር ትንፋሽ ታሳጥራለች። ሰው ደግሞ ላለማለክለክ ሲል ከባድ ማርሽ ይይዝና ቀስ እያለ በጉልበቱ ይገፋል። ሳንባው ያርፋል፤ ጉልበቱ ይከፍላል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ብስክሌቷ ያገለገለች ኮርስ፣ ማለትም የውድድር ዓይነት ብስክሌት ናት። አምና በጥቅምት ከአዲስ አበባ ገዛኋት። ሻጩ ኮርቻውን በዓይኑ ለክቶ "ልክህ ነው" አለኝ። አመንኩት። ኅዳር ሲያልቅ የግራ ጉልበቴ፣ ሎሚው ዙሪያ፣ ማመም ጀመረ። መጀመሪያ ነድቼ ስመጣ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ደረጃ ስወርድ ሆነ። የማስተምርበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ በቀን አምስት ጊዜ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሰግጄ መነሳት ሲያቅተኝ በጣም ደነገጥኩ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ራጅ ተነሳሁ፤ አጥንቱ ደህና ነው። ሐኪሙ ጉልበቴን ወዲያ ወዲህ አድርጎ ፈተሸና ጅማቱም አልተበጠሰም አለኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሎሚው ከጭን አጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጫና በዝቶ ነው አለችኝ። ሁለት ነገር አዘዘችኝ። በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ሳላጥፍ አንድ ክንድ ያህል አነሳለሁ፤ አምስት እስክቆጥር እይዛለሁ፤ አሥር ጊዜ፣ በሦስት ዙር። ሌላው ዝቅ ያለች ደረጃ ላይ ቆሜ በአንድ እግር ቀስ ብዬ መውረድ ነው። በየቀኑ ሠራሁ። እውነት ለመናገር ሕመሙ በጣም ቀለለኝ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ ብስክሌቴን አወጣሁ። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያው ሕመም፣ ያው ቦታ።

ልሸጣት የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ጠባሴ ያለው ሱቅ ገዥ አያጣም ብለው ሰዎች ነገሩኝና ይዣት ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ይቺን የሚገዛ ሰው ያውቃሉ?"

ብስክሌቷን ዞር ዞር ብለው አዩ። "ምን አደረገችህ?"

"ጉልበቴን አመመኝ።"

"እስኪ ውጣባት።"

"ኧረ ልሸጣት ነው የመጣሁት።"

"እሺ ቲቸር፣ ትሸጣታለህ። አሁን ውጣባት።"

ግድግዳውን ተደግፌ ወጣሁ። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ እንዳደርግ ነገሩኝ። ፔዳሉን እስከ ታች አወረዱት። እንዲህ ሲሆን እግር ቀጥ ብሎ መዘርጋት አለበት። በትክክል ስንነዳ የምንረግጠው በፊተኛው የእግር መዳፍ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ጉልበት መጠነኛ እጥፋት ይኖረዋል ማለት ነው። የኔ ጉልበት ተረከዜ ፔዳሉ ላይ ሆኖ እንኳ እጥፍ ብሎ ቀረ። ጋሼ በእጃቸው ሎሚዬን ነካ አደረጉና "የልጅ ኮርቻ ላይ አስቀምጦሃል" አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። መፍቻ አነሱ።

እኔ ወዲያው ልኩ ላይ እንዲያደርሱት ፈልጌ ነበር። እሳቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አደረጉ። "ሳምንት ንዳና ተመለስ። በአንዴ ካነሳነው ደግሞ ከጉልበትህ ኋላ በኩል ያምሃል።" ተመለስኩ። ሌላ አንድ ሴንቲ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሽ ጨመሩና ኮርቻውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉት። በመጀመሪያው ቀን 100 ብር ከፈልኩ። በተመለስኩባቸው ሁለት ቀናት አንድ ብር አልተቀበሉኝም።

ቤት ገብቼ በሂሳብ አረጋገጥኩት። ብስክሌት ነጂዎች የሚጠቀሙባት አንዲት ስሌት አለች። ጫማ ሳያደርጉ ከወለል እስከ ብሽሽት ያለውን ርዝመት ይለኩና በ0.883 ያባዙታል። ውጤቱ ከፔዳሎቹ መዞሪያ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። የኔ 82 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 72.4 ይመጣል። ከአዲስ አበባ ስትመጣ 69.5 ነበረች። ጋሼ ሜትር ሳይነኩ፣ በተረከዝ ብቻ፣ 72 ላይ አድርሰዋታል። ስሌቷ መነሻ ናት እንጂ የሁሉም ሰው እግር አንድ አይደለም። የሳቸው 72 ለኔ ከ72.4 ይሻለኛል፤ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ይህን እውቀት ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው። ወጣት ሳሉ ለውትድርና አስመራ ነበሩ። እዚያ ከሥራ በኋላ አንድ ሳይክል ቤት እየሄዱ ተማሩ። ለዚህም ይመስለኛል ሰንሰለት ሲሉ የማልሰማቸው፤ ሁልጊዜ "ካቴና" ነው። ግድግዳቸው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ የፅጋቡ ግርማይ ፎቶ ተለጥፏል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። አቧራውን ግን በየጊዜው ይጠርጉለታል።

ማርሹም ተቀየረ። የኋላው ትልቁ ማርሽ ባለ 25 ጥርስ ነበር። እኔ አንብቤ ዳገት እንዲቀለኝ ባለ 32 ይሁንልኝ አልኩ። እምቢ አሉ። የኔ ማርሽ መቀየሪያ አጭር ስለሆነ ከ28 በላይ አይችልም፤ ካስገደድነው ዳገት ላይ ካቴናው ይጣላል፣ ምናልባትም መቀየሪያው ይሰበራል አሉኝ። 28 አገኙልኝ፣ ያገለገለ፣ በ1800 ብር። ከፍሎ መሄድ ለሚፈልግ ደንበኛ እምቢ የሚል መካኒክ ብዙ አላየሁም። አሁን ዳገት ላይ እግሬ በደቂቃ ሰማንያ ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ድሮ ስድሳ አይሞላም ነበር። አለከልካለሁ፣ ግን ሎሚዬ ሰላም ነው።

የማገገሙ ጊዜ ረጅም ነበር። የካቲትና መጋቢትን በሙሉ ከከተማ አልወጣሁም። አሥራ አምስት ደቂቃ በቀላል ማርሽ፣ ሜዳ ላይ፣ አንድ ቀን ዘልዬ። በየሳምንቱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ እጨምር ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችኝን ደንብ ያዝኩ፦ ስነዳ ትንሽ ቢሰማኝ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ካለ ግን አብዝቼዋለሁ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ቅዳሜዬን ጋሼ ሱቅ በር ላይ በርጩማ ይዤ አሳለፍኩ። ቸርኬ ማቅናት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን ያዞሩታል፤ ጠመኔ ያስጠጋሉ፤ ጠመኔው የነካበት ቦታ የተጣመመው ነው። ከዚያ ሽቦዎቹን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያሉ ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ። ከእሳቸው እጅ የወጣ ቸርኬ በዓመቱ አልተመለሰብኝም። ዋጋው 200 ብር ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጋሼ መካኒክ ናቸው እንጂ ሐኪም አይደሉም። እሳቸው ራሳቸው "ወጌሻም ይየው" ብለውኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ወይም ስትቆሙ ከከዳችሁ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂዱ። የኔ ጉልበት የተሻለው በሁለቱም ነው፤ በስፖርቱም በኮርቻውም።

በልግ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። አቧራው ሲበዛ ካቴናውን አስጠረግኩ፤ በቃ።

ክረምቱ ግን ሌላ ነው። የኛ ሐምሌ በረዶ ይጥላል፣ ጉሙ እኩለ ቀን ድረስ አይነሳም፣ አስፋልቱ ላይ ከየእርሻው የመጣ ጭቃ አለ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ፍሬኔ ብረት እንደሚፍቅ ዓይነት ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ጋሼ የፍሬኑን ጎማ ፈተው አሳዩኝ። ትናንሽ አሸዋና የቸርኬው ብረት ፍርፋሪ ተሰግስጎበታል። በወስፌ አንድ በአንድ ለቅመው አወጡት፣ በሻካራ ወረቀት አሹት፣ መልሰው አሰሩት። 50 ብር። ሌላ ቦታ ቢሆን አዲስ ግዛ ይሉኝ ነበር። ቸርኬውም እንዲህ በአሸዋ ሲፋቅ ቢከርም ኖሮ ይሳሳ ነበር።

ውኃ በኮርቻው ቱቦ በኩል ወደ ሻሲው እንደሚገባ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ዝናብ ውስጥ ከነዳን በኋላ ኮርቻውን ከነዘንጉ አውጥቶ፣ ብስክሌቱን ገልብጦ ማፍሰስ ነው። እኔ ያ ሁሉ የተለፋበት 72 ሴንቲ ሜትር ይጠፋብኛል ብዬ ሰጋሁ። ዘንጉ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠመጠሙልኝ። እስከ ናስትሮው ድረስ አስገባለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ አለቀ። ክረምቱን ሙሉ ስድስት ጊዜ አውጥቼ መልሻለሁ፤ ልኩ አልተዛነፈም።

መስከረም ሲጠባ ጣርማ በርን፣ ከደብረ ሲና በላይ ዋሻ ያለበትን ቦታ፣ ማየት ፈለግኩ። በመጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠየቅኩ፤ አሁን አሁን ሳልጠይቅ ሩቅ አልወጣም። ጋሼ ሳያዩኝ እንዳልሄድ ነግረውኝ ነበርና ዓርብ ከሰዓት ወሰድኳት። የፊት ፍሬኑን ጎማ ቀየሩ። በወስፌ የሚለቀም ነገር አልቀረውም አሉኝ። የኋላ ቀይ መብራት ሸጡልኝ፣ 250 ብር። ያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ የከባድ መኪና ሾፌር ሰው ማየት አይችልም። ደግሞም ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ይዤ እንዳልቀር፣ ጠበቅ አድርጌ ቶሎ እንድለቅ መከሩኝ። ሳይለቁ ከያዙት ቸርኬው ይግልና የውስጥ ላስቲኩ፣ ካማላዳሪው፣ ይፈነዳል።

የዋሻው አፍ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ቀጥሎም እስከ ሸዋ ሮቢት፣ እስከ 1300 ሜትር ገደማ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነው፦ በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ክፍል ውስጥ ቁጥር ነው። ብስክሌት ላይ ግን ደረትህ ላይ ታውቀዋለህ። ዋሻው ጋ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ደብረ ሲና ስደርስ የጃኬቴን ዚፕ ከፍቻለሁ። አደይ አበባው በሁለቱም ወገን ቢጫ ሆኖ ነበር። ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዛሁ፣ ግማሹን እዚያው በላሁ። ግማሹን ለጋሼ አስቀመጥኩ። ዳገቱን መልሼ አልሞከርኩም፤ ሚኒባስ ላይ ጭኜ ተመለስኩ። የሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

አሁን የውርጩ ጊዜ ነው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ይሆናል። ለጀማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ፣ 20 ዲግሪ ሆኖ ጎማችሁን በአየር ግፊት መለኪያው 80 PSI ብትነፉት፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ 74 ወርዶ ታገኙታላችሁ። ቀዳዳ የለውም፤ አየሩ ስለቀዘቀዘ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ በከንቱ ካማላዳሪ አስፈትቻለሁ። በሁለተኛው ጋሼ ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ እንደሌለው አሳዩኝና ገንዘቤን መለሱልኝ።

ለብርዱ ደግሞ እዚያው ሱቅ ያገኘሁት ዕቃ አለ። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የጉልበት መሸፈኛ ይሠራሉ። ጥንዱ 350 ብር ነው። መጀመሪያ ይኮሰኩሳል፤ ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ይለሰልሳል። እርጥብ ሆኖ እንኳ ያሞቃል። ከውጭ የመጣ ስስ የስፖርት ልብስ ነበረኝ፤ በዚህ ከተማ ጠዋት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ከጃኬቴ ሥር ደግሞ ደረቴ ላይ ጋዜጣ እዘረጋለሁ። ይህም ከአስመራ የመጣ ትምህርት ነው። ነፋሱን ይዘጋል፤ ሲሞቅ አውጥቶ ኪስ ውስጥ ማድረግ ነው።

የማልወደውንም ልናገር። ቀጠሮ ላይ አይገኙም። ሐሙስ ያሉት ሰኞ ይደርሳል። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም። በወር በሰባት፣ በሥላሴ፣ እና በሃያ አንድ፣ በማርያም፣ ሱቁ ዝግ ነው፤ ይህን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ በከንቱ ሄጃለሁ። የኮርስ ጎማና የማርሽ ሽቦ አያስቀምጡም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥር ቀን ጠብቄያለሁ፤ አሁን ራሴ ገዝቼ ይዤ እሄዳለሁ። ሄልሜት አይሸጡም፤ ሊኖራቸው ይገባል እላለሁ፣ ነግሬያቸዋለሁም።

በካቴና ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም። እሳቸው ግራሶ መለቅለቅ ይወዳሉ። ግራሶ ለኩሽኔት እንጂ ለካቴና አይሆንም። በበጋ አቧራውን ይሰበስብና ጥቁር ሊጥ ይሆናል፤ ካቴናውንም ጥርሱንም ይበላል። ሁለት ጊዜ በናፍጣ አጥቤ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጌያለሁ። በኋላ "እሺ፣ የአንተን በአንተ መንገድ" አሉኝ። ብስክሌት ስትሰጧቸው ካቴናውን ቀጭን ዘይት ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ወረፋም አለ። አንድ ቀን ከኔ በኋላ አንድ ልጅ የተነፈሰ ጎማ እየገፋ መጣ። ጋሼ የኔን አስቀምጠው የሱን ያዙ። ቀና ብዬ ሳያቸው "እሱ ትምህርት ቤት ይሄድበታል" አሉኝ። ልጁ ክፍሌ ውስጥ የሚማር ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲመጣ እኔ ራሴ ከበርጩማው እነሳለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሱቁ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሙሉ ሰርቪስ 600 ብር፣ ጎማ መለጠፍ 50 ብር። የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ካልሆነ ኮርቻ አይለኩም። እኔ ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ አለሁ። ካቴናው ተስቧል ብለው ሊቀይሩልኝ ቀጥረውኛል፤ አዲሱን ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።